ጉድጓዱ ላይ የቆመው ጠርሙስ

ጠርሙስ ውስጥ አትክልት መትከል አሁን አዲስ አበባ ላይ የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። እራት ስጠራ ከሶፋው አጠገብ ክዳን ያለው መስታወት አያለሁ፤ ጠጠር ተነጥፎበት፣ አፈር ተደርቦበት፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሎ። አንዱ ቤት እንዲያውም ኤሊ ነበረችበት። የቤቱ ሰዎች "መንፈስ ያረጋጋል" ይሉኛል። እኔ ግን የማየው መስታወቱን ሳይሆን የቆመበትን ወለል ነው። ይህ ጠባይ የጀመረኝ ሸዋ ሮቢት ነው።

ነገር ደብቀው የሚያንጠለጥሉ ጸሐፊዎችን ስለማልወድ ከመጀመሪያው ልናገር። በደርግ ዘመን፣ ሰሜኑ በድርቅ በተመታበት ዓመት፣ ሮቢት ዳር በምትገኝ አንዲት ክፍል ውስጥ የደጋ ጫካ በጠርሙስ ተክዬ፣ እንቁራሪት አስገብቼበት እኖር ነበር። ጠርሙሱ ከቆመበት ወለል ሥር የስምንት ሰው ቤተሰብ የሚከርምበት ማሽላ ተቀብሯል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ባለ እህሉ ደግሞ አለማወቄን አያምኑም ነበር። ሰው ሰውን ማመን አለበት የሚል ትምህርት የሚሻ አንባቢ ሌላ ገጽ ይፈልግ። የሁለታችንም ጥርጣሬ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትነው ምክንያቱ ላይ ነው።

ወደ ሮቢት የወረድኩት የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ነው። ያደግኩት ብርድ አገር ነው፤ እህል ጎተራ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ጎተራም ከመሬት ከፍ ብሎ እንደሚቆም አውቃለሁ። ሌላ የእህል ቤት አላውቅም። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት አስፋልት ዳር ባለ ሆቴል፣ ወደ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች አልጋዬን ሲያንቀጠቅጡት አሳለፍኩ። በየካቲት ቀበሌው አንድ ሽማግሌ ዘንድ ክፍል አገኘልኝ። "አገኘልኝ" የምለው ለጨዋነት ነው። ሊቀመንበሩ "ጋሼ፣ ለመምህሩ አንድ ክፍል ይልቀቁ" አላቸው፤ እሳቸውም "እሺ፣ ኢንሻአላህ" አሉ። ከዚያ መልስ ውስጥ የራሳቸው የነበረችው "ኢንሻአላህ" ብቻ ናት።

ሽማግሌው የይፋት ሙስሊም ናቸው፤ ያርሳሉም ይነግዳሉም። ቤታቸው ከተማው የሚያልቅበት ላይ ነው፤ በፊት በር ሲወጣ አስፋልቱ፣ በጓሮ በር ሲወጣ የማሽላ ማሳው። ክፍሉን ሲያሳዩኝ ወደ አንዱ ጥግ ሄዱና ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ።

"አፈር ነው፤ ውኃ አይወድም" አሉኝ።

የጽዳት ምክር መስሎኝ አመሰገንኩ።

ጠርሙሱን የገዛሁት ከአረቄ ነጋዴ ነው፤ ዳሚጃን የሚሉት፣ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ፣ ሰው አቅፎ የሚሸከመው ዓይነት። አተካከሉን ያነበብኩት ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ካገኘሁት ሽፋን የሌለው የፈረንጅ መጽሔት ነበር። አንድ ቅዳሜ ደብረ ሲና ወጣሁና ከከተማው በላይ ካለው ጫካ፣ ከምንጭ ዳር፣ ቅጠሉ እንደ ወፍ ላባ የተሰነጣጠቀውን ፈርን ነቀልኩ፤ ድንጋይ ለብሶት የሚኖረውን ለስላሳ አረንጓዴ ላጥኩ፤ አንድ ላስቲክ ጥቁር አፈር ዛቅኩ። በክብሪት ቤት ውስጥ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል እንቁራሪት ያዝኩ። ስመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ላስቲኩን አዩና "መድኃኒት ነው?" አሉኝ።

"አትክልት ነው፣ እትዬ።"

"ለሮቢት?" አሉና ጤናዬን የሚመረምሩ ይመስል አዩኝ።

በጠባብ አንገት ጫካ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። ማንኪያ ከሸምበቆ ጫፍ አስሬ ነው አፈሩን ያስተካከልኩት፤ ፈርኑን በሽቦ ይዤ አወረድኩት። በቡሽ ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ውስጥ ጉም ተነሣ። ውጭ ያለው እሾህና አቧራ ነው፤ እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ጉም ነበረኝ። በየሁለት ቀኑ ቡሹን ከፍቼ ለእንቁራሪቷ ምስጥ እወረውርላታለሁ። ለሮቢት ሰው አንበሳ ብርቅ አልነበረም፤ እንቁራሪት የሚቀልብ ሰው ግን ከየትም አልመጣለትም።

መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ ቀልድ አልሆነም። ጠርሙሱን የክፍሉ ቀዝቃዛ ጥግ ላይ አቆምኩት፤ እዚያ ጋ ወለሉ ራሱ ለእግር ቀዝቀዝ ይል ነበር። ታችኛውን ግማሹን በጆንያ ጠቀለልኩና ጆንያውን ጧት ጧት ውኃ አርከፈክፍበት ጀመር። ይህ መላ የመጽሔቱ አይደለም፤ የሹፌሮቹ ነው። የውኃ ጄሪካናቸውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ከመኪናው ጎን ሲያንጠለጥሉ ሆቴል ሳለሁ አይቻለሁ።

ሽማግሌው ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጧቱ መምጣት ጀመሩ። በሩ ላይ ቆመው "እንዴት አደርክ መምህር" ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አይደለም።

"ይሄ ውኃ ለአትክልቱ ነው ለጆንያው?"

"ለጆንያው ነው ጋሼ። ጆንያው እየደረቀ ሲሄድ ጠርሙሱ ይበርዳል።"

"ወለሉስ?"

"ወለሉ ምን ይሆናል?"

ወለሉን አይተው ሄዱ። በማግስቱ ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ።

"ወደ መስኮቱ ብታወጣው ፀሐይ ያገኝ ነበር።"

"ፀሐይ አይስማማውም።"

"አትክልት ነው አላልክም?"

"የጥላ አትክልት ነው።"

በሦስተኛው ቀን በሩ አጠገብ ነፋስ እንዳለ ነገሩኝ። በአራተኛው ቀን አልጋዬን እዚያ፣ ጠርሙሱን እዚህ ባደርግ ክፍሉ እንደሚሰፋ ለኩልኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከተመከርኩ ሦስተኛውን ለመስማት ስል እንኳ የማላደርግ ሰው ነኝ። ጠርሙሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ግን አሰብኩ። በሬ ያለው፣ ማሳ ያለው፣ ስምንት አፍ የሚቀልብ ሽማግሌ በየማለዳው ስለ ጠርሙስ የሚጨነቀው ለምንድን ነው? በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበር፦ እንዲያይ የነገረው ሰው አለ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ጠርሙሱ መስኮቱ ጋ ከቆመ ከመንገድ ይታያል። ለማን እንደሚታይ ደግሞ ግልጽ ነው። ሂሳቡን ሠራሁና ሽማግሌውን ጆሮ ጠቢ ብዬ መዘገብኳቸው።

እሳቸውም በፈንታቸው ሂሳብ ሠርተው ነበር፤ ኋላ ነገሩኝ። ቀበሌው በግድ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤታቸው አስገባ። ሰውየው ከአራቱ ጥግ መርጦ መርጦ ያንን ጥግ ያዘ። እዚያ ላይ ከባድ ነገር አቆመ። ይባስ ብሎ በየጧቱ ውኃ ያፈስበታል። ለመንግሥት ከሚያስረክበው ኮታ እህል የደበቀ ሰው በዚያን ጊዜ ስሙ "የኢኮኖሚ አሻጥረኛ" ነው፤ ለዚህ ስም የሚሰጠውን ማረፊያ፣ የከተማውን ትልቅ ወኅኒ ቤት፣ ደግሞ ሮቢት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሩን ያውቀዋል። ማሽላው ቢወሰድ ስምንት ሰው ይራባል፤ በእርጥበት ቢበሰብስም ይራባል። አስተማሪው በየትኛው እንደሚጀምር ነበር ያላወቁት።

በግንቦት፣ አንድ ደመና ያዘለ ከሰዓት በኋላ፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

"ጓድ መምህር፣ ከዚህ ቤት የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል ይባላል።"

"ማን ይላል?"

"ይባላል።"

በዚህ መሃል እንቁራሪቷ ጀመረች። ጩኸቷ እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ብረት በብረት እንደሚነካካ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ነው። ጥበቃው ጣቱን አነሣ። ወደ ጠርሙሱ ወሰድኩት። ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ አየ።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከማንም። ዝናብ ሲሸታት ነው።"

"መልስ የሚሰጣት የለም?"

"ደብረ ሲና ካልሆነ የለም።"

የቀለደ አልመሰለኝም፤ እኔም መቀለዴን ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ቀና ስል ሽማግሌው ከኋላው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ ሆኗል። ጥፋተኛ ፊት እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። ጥበቃው ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ለሥራ ነው ይላል፤ ግን ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንቁራሪቷ ምስጥ ስትበላ ያይ ነበር።

ሰኔ ገባ፤ የወባ ሰዎች ሊረጩ ነው ተባለ። ቆላ ላልኖረ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። ዲዲቲ ሲረጭ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ይወጣል፤ አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ማድጋው፣ ከአልጋ ሥር ተረስቶ የኖረው ሁሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይረጫል። እስኪደርቅ ድረስ የእያንዳንዱ ቤት ምሥጢር ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጎረቤት ደግሞ እየዞረ ያያል። የቤት ፍተሻ እንዲህ ያለ ንጹሕ ምክንያት አግኝቶ አያውቅም። ባዶ የሆነው ቤት ወለሉም ይታያል፤ በእበት ተለቅልቆ የተደፈነ የጉድጓድ አፍ ደግሞ ክብ ሆኖ ቀለሙ ይለያል። የቆላ ሰው ሲያየው ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ጥበቃው የቆላ ሰው ነበር።

በዋዜማው ከዐሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ሽማግሌው መጥተው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይቆጥሩ ጀመር።

"መምህር፣ ነገ ያንን ጠርሙስ አታንሳው።"

"ሦስት ወር ሙሉ አንሳው ሲሉኝ አልነበረም?"

"ነበር። አሁን አታንሳው።"

"ለምን ጋሼ?"

ሙስበሃው ቆመ። "እህል አለ" አሉ።

"የት?"

በአገጫቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙ።

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ፤ ጆንያው፣ ውኃው፣ ቀዝቃዛው ወለል። የመጀመሪያው ስሜቴ ግን ሐዘኔታ አልነበረም። ወጥመድ ነው አልኩ። ሰምቶ ዝም ያለም ከደበቀው እኩል በሚጠየቅበት ጊዜ አንድ ጆሮ ጠቢ አስተማሪን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ምን ይነግረዋል? ነገ ዝም ካልኩ ይዘውኛል። ሄጄ ብናገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የስምንት ሰው ዓይን እያየኝ በዚያ ቤት መኖር ነው። አልተናገርኩም። ከደግነት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እንደማስታውሰው ከሆነ ግን ወለሉን ሊቆፍሩ ሲመጡ ጠርሙሴን እንደሚሰብሩት ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ አልጋዬና መጽሐፎቼ ደጅ ወጡ። ጥበቃው መጽሐፎቹን ደርድሮ ቀይ ሽፋን ያለውን በአክብሮት ከላይ አስቀመጠው፤ የሂሳብ መጽሐፍ ነበር። የረጪዎቹ አለቃ፣ የብረት ቆብ ያደረገ ደንዳና ሰው፣ ወደ ክፍሉ ገብቶ ጥጉ ላይ ቆመ።

"ይሄስ?"

"አይወጣም። ፀሐይ ካገኘው ይቀቀላል።"

"ምንድን ነው?"

"አትክልት።"

"ጠርሙስ ውስጥ? ውጭ መሬት ጠፍቶ?"

ደጅ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። "እኔም ሦስት ሳምንት ይህንኑ ነው የምጠይቀው" አለ ጥበቃው።

አለቃው ጎንበስ አለ። "ላዩ ላይ ያለው ውኃ ነው።"

"የቅጠሉ ላብ ነው።"

"ላብም ቢሆን ውኃ ነው። ውኃ የቋጠረ ነገር ይደፋል፤ መመሪያ ነው። ድፋው።"

"የት?"

"እዚሁ ወለሉ ላይ። ለመርጨትም አቧራ አያስነሣም።"

ወደ በሩ አየሁ። ሽማግሌው ቆመው ነበር፤ ሙስበሃው እጃቸው ውስጥ ተጨምድዷል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጥፋተኛ ያልኩት ያ አመድ ፊት ተመልሶ መጥቷል። እንዲህ ያለ ፊት ለወጥመድ ተብሎ አይሠራም። ያኔ አመንኳቸው።

"ትንኝ ቢፈለፈልበት እንኳ በየት ይወጣል?" አልኩት። "ቡሹ ድፍን ነው። እናንተ ትንኝ ልትገድሉ መጣችሁ፤ እኔ አስሬ ይዤላችኋለሁ።"

ሮቢት ላይ በእስር አይቀለድም። የሳቀ ሰው አልነበረም። አለቃው ግን ቡሹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ እንደገባኝ መመሪያው ውስጥ ስለ ታሸገ ነገር የተጻፈ አልነበረም፣ መመሪያ የጎደለው ሰው ደግሞ አዲስ ያወጣል።

"እንዲያ ከሆነ እስክንመለስ እንዳይከፈት" አለ። ሻማ አስመጣና ቡሹን ዙሪያውን በሰም ደፈነው። ጠርሙሱ ላይ በጠመኔ "ታሽጓል" ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ወለሉ ላይ፣ በጠርሙሱ ግርጌ ዙሪያ፣ ክብ አሠመረ። "ከዚህ ክብ ከወጣ ይህ ጓድ ለእኔ ያመለክታል።"

ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። የተደበቀ የማሽላ ጉድጓድ በመንግሥት ጠመኔ ተከበበ፣ ጠባቂም ተመደበለት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ጓሮ አዞሩ።

እንቁራሪቷን ያሰብኳት ረጪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ቡሹ ካልተከፈተ ምስጥ አይገባላትም። ጆንያው ላይ ደግሞ ከእንግዲህ ውኃ ማፍሰስ እንደማልችል ሽማግሌው ሳይናገሩ ገብቶኛል። ሰሙን መስበር እችል ነበር። ጥበቃው በየሁለት ቀኑ እየመጣ ሰሙን በጥፍሩ ይፈትሻል፤ ከዚያ ተንበርክኮ ያያታል። "ከስታለች" አለኝ አንድ ቀን፣ እንደ ዘመድ። "ክፈትልኝ" ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅሁትም፤ ፈራሁ። ሰሙ ተነካ ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጠርሙሱን ማንሣት ነውና።

በስድስተኛው ቀን ደመና መጣ፣ ሄደም። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

"ዛሬ አልተናገረችም።"

"አልተናገረችም።"

ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ቆመው ነበር የሚሄዱት። "በእኛ ፈንታ የሄደች ናት" ብለው ተነሡ። ሐምሌ ሲጋመስ ፈርኑ እንደ ትምባሆ ቅጠል ደረቀ፤ ጉሙም ቀረ። እኔ ግን የሞተ ጫካ ጥግ አቁሜ መኖሬን ቀጠልኩ። የጎበኙኝ አስተማሪዎች ለምን አትጥለውም ሲሉኝ ወደ ጠመኔው እጠቁማለሁ፤ ለመንግሥት ጽሑፍ ማብራሪያ የሚጠይቅ አልነበረም።

ረጪዎቹ ሳይመለሱ፣ በነሐሴ ጥበቃው ለዘመቻ ወደ ሰሜን ተጫነ። በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ሽማግሌውና እኔ ጠርሙሱን ተሸክመን ወደ ጎን አኖርነው። የጉድጓዱን አፍ የደፈነውን እበት ፈቀፈቁት፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ። ድንጋዩን ሲያነሡት ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ። ከጉድጓዱ ሞቃት፣ የሚያሰክር ሽታ ወጣ።

"ይተንፍስ። ቸኩሎ የገባ አይወጣም።"

እኩለ ቀን ላይ ኩራዝ በገመድ አወረዱ፤ ነበልባሉ አልጠፋም፤ አየሩ ለሰው ደህና ሆኗል ማለት ነው። ያኔ ወደ ውስጥ አየሁ። ከአፉ ሥር ያለው ማሽላ በቅሎ ነበር። ነጭ ቀጫጭን ቡቃያ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ክብ ምንጣፍ ሠርቷል፤ ስፋቱ ልክ የጠርሙሱን ግርጌ ያህል ነው። ፀሐይ ሳያይ፣ የእኔን ውኃ ጠጥቶ፣ ከላይኛው ጫካ ሥር ሌላ ጫካ አድጎ ኖሯል። ሽማግሌው እንደ ቁርበት አንሥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

"ጠርሙስህ ወልዳለች" አሉኝ።

ከዚያ በታች አንድ ጆንያ የሚሆን ሻግቷል። የቀረው ደህና ነበር፤ እስከ ኅዳር ያደርሳል። መንገዱ ላይ ከሰሜን የሚመጡ ሰዎች ልጅ አዝለው በሚያልፉበት ክረምት "እስከ ኅዳር" ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

"ጋሼ፣ ያን ጥበቃ ማን ነው የላከብኝ?"

አልሸሹም። "እኔ ነኝ። ሬዲዮ አለው አልኩ። አንተን ሲያስወጣህ ጠርሙሱም ይወጣል ብዬ። እሱ ግን ወደዳት፤ ይኸው ተመላለሰብኝ።"

ጆሮ ጠቢ ብዬ መመዝገቤ ትክክል ነበር ማለት ነው። የሚገርመው፣ ደስ አለኝ። ሰው ጥርጣሬው ሲረጋገጥለት የበደለውን እንኳ ይወዳል።

"አሁን እኔ ልጠይቅህ" አሉ እጃቸውን ከማሽላው እያራገፉ። "አልፏል፤ እውነቱን ንገረኝ። ማን ነበር ያስቀመጠህ?"

"ማንም።"

"ከአራት ጥግ ያንን?"

"ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጋሼ።"

ለሊቀመንበሩ በመለሱበት ድምፅ "እሺ" አሉኝ።

በመስከረም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ዕቃዬን ስሸክፍ የደረቀውን ጠርሙስ ልጥልላቸው አቀፍኩት። ሽማግሌው እጄን ያዙ፤ ተረከቡኝና ወደ ጥጉ ወስደው፣ ጠመኔው ሊጠፋ የደረሰውን ክብ በዓይናቸው ለክተው፣ መልሰው አቆሙት።

"እዚሁ ይሁን፤ ሰው ለምዶታል" አሉኝ።